አስነጋሪ

ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ሁለት ክንድ ሲሚንቶ፣
በሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ያቃስታል ተጎትቶ።
እኔ ከበሩ ውጭ፣ ከመስኮቱ ማዶ፣
ዓይኔ ስክሪኑ ላይ፣ ልቤ ከበሽተኛው ጋር አብሮ ገብቶ ነጎዶ።
ይታይሽ እባላለሁ፣ የጨረር ባለሙያ፣
ደብረ ማርቆስ ላይ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው በዚች ሰው ማቆያ።

ሐኪሙ አንድ ሰው ነው፣ አራት ሆስፒታል የሚጠራው፤
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀን ላይ ሲነጋለት፣
ደርሶ ይፈርማል፣ ወረቀት ተከምሮ እየጠበቀለት።

የማየው ግን እኔ ነኝ።
ማን ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እንዳወጣ፣
ማን "ደህና ነኝ" ሲል ከንፈሩ እንደ ነጣ።
የማየው እኔ ነኝ፤ የሚፈርመው ሌላ።

አምና የፍኖተ ሰላሙ አቶ ልየው፣
ሥዕሉ ሲዛነፍ "ይታረም" ብዬ ጻፍሁለት፤
ወረቀቱ ዓባይን ወረደ፣ ዓባይን ወጣ፣
በዘጠነኛው ቀን ፊርማ ይዞ መጣ።
ዘጠኝ ቀን ማሽኑ ለእሱ ዝም እንዳለ፤
ዕጢ ፊርማ አይጠብቅ፣ ሥራውን ቀጠለ።

ዘንድሮ በጥቅምት የኔታ ልሳነወርቅ መጡ ከወደ ዲማ፣
አርባ ዓመት ቅኔ ያዘረፈ ጉሮሮ፣ ድምፁ የማይሰማ።
ነጩን ወንፊት በሙቅ ውኃ አለሰለስሁ፣
ግንባራቸው ላይ፣ አገጫቸው ላይ አፈሰስሁ፤
ሲቀዘቅዝ ጠጠረ፣ መልካቸውን ያዘ።
"ሰሙ ይኸ ነው" አሉ በሹክሹክታ፣ ጭንብሉን ዳሰው፤
"ወርቁም ይታይሽ።"
ስሜን ጠሩኝ ወይስ መረቁኝ?
እስከ ማታ ሁለቱም ከጆሮዬ ላይ ተፈራረቁኝ።

በሦስተኛው ሳምንት መዋጥ አቃታቸው፤
አጥሚት እንኳ እንደ እሾህ ወጋቸው።
ሰሙ ሰፋቸው።
በጭንብሉና በጉንጫቸው መካከል ጣቴ አለፈች፤
ሥዕሉን ለካሁ፦ አምስት ሚሊሜትር።
የስንዴ ቅንጣት ናት። ግን በዚያች ቅንጣት ልክ
ጨረሩ ዕጢውን ይስታል፣ ኅብለ ሠረሠሩን ይጠጋል።
ቁልፉን ተውሁት። "ዛሬ የለም፣ የኔታ። ፊርማ እንጠብቃለን።"

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ እንደ ተበተነ ሳንቲም፦
"በእኛ ቤት ሁለት መቶ ተማሪ አለ፣ መምህሩ አንድ።
የሁሉን ቅኔ ይሰማ ቢባል ጀንበር ትጠልቃለች።
ስለዚህ አስነጋሪ አለ፣ በቅኔ የበሰለ፤
ተማሪው ለእርሱ ይነግራል፣ እርሱ የተጣመመ ያቃናል፣
የከበደውን ብቻ ለመምህሩ ያቀርባል።
መምህሩ አላነሰ፤ ቅኔውም ሳይታረም አላደረ።
አንቺን ከአስነጋሪነት ማን ከለከለ?"

ያን ጊዜ ፊርማው አራት ቀን ቆየ።

ቃላቸውን ጻፍሁት ለዶክተር አምሳሉ።
ኮሚቴ ተቀመጠ። ተነሣ። ደግሞ ተቀመጠ።
ስድስት ወር ተማርሁ፤ ሦስቴ ተፈተንሁ፤ አንዴ ወደቅሁ።
ደብዳቤው በሰኔ ዝናብ መጣ፣ ጠርዙ ረጥቦ፣
"እስከዚህ የአንቺ፣ ከዚህ በላይ የሐኪም" ተብሎ ተገድቦ።

ማኅተም ቀላል ይመስለኝ ነበር።
የመጀመሪያው ቀን፣ የአንዲት የቢቸና ሴት ሥዕል ፊቴ ሲቀርብ፣
ብዕሩ እንደ ሞፈር ከበደኝ።
ብስት፣ ከእንግዲህ "ሐኪሙ ነው" የሚባል ጓዳ የለኝም፤
ፊርማን የሚያዘገየው ለካ ዓባይ ብቻ አይደለም።
ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ፈረምሁ።
በዚያው ቀን ከሰዓት አልጋው ላይ ነበረች።

በነሐሴ የኔታ ለምርመራ መጡ፣ ድምፃቸው ክር አክሎ።
ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣
"እስቲ ንገሪኝ" አሉ።
ቆምሁ፣ እንደ ተማሪ፣ እጄን አጣምሬ፦
ሦስት ሚሊሜትር፣ ወደ ግራ፤ አዲስ ጭንብል፤ በዕለቱ ታረመ።
ዝም ብለው ሰሙኝ።
"ወርቁሳ?" አሉ።
"ወርቁማ፣ የኔታ… ትናንት አጥሚቷን ሳትታገል ዋጠች።"